ገልብጣ የምታነበው አሳየሽ

አሳየሽ ፊደልን የለየችው ከወዲያ ማዶ ሆና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የኔታ ሐብተማርያም ሶዶ ላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አንድ የብራና የጸሎት መጽሐፍ ነበራቸው። መጽሐፉ የሚቀመጥበት አትሮንስ ተሰበረ። ሌላ ከማስጠረብ አሳየሽን አንበረከኳት።

አባቷ ጦና የኦፋ ገባር ነበር። በ1922 ዓ.ም. አሥር ዓመት ሲሞላት ለየኔታ ቤት ሥራ አምጥቶ ሰጣት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ክርስትና ስትነሳ አሳየሽ ተባለች፣ በድሮ ስሟ የሚጠራት ሰው ሶዶ ስላልነበረ ሳትወድ ለመደችው። እንግዲህ የየኔታ ልጅ ተክለጻድቅ ሲማር፣ እሷ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ መጽሐፉን በሁለት እጇ ዘርግታ ትይዛለች። ፊደሉ ለእሱ ቀና ነው፣ ለእሷ ዝቅዝቅ።

"አትሮንሴ፣ ደህና አደርሽ?" እያለ ያሾፍባታል ተክለጻድቅ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ልጁ አንድ ቃል ላይ ተደናቅፎ ቀረ፤ የየኔታ አርጩሜ ብድግ ሲል ቃሉ ከመጽሐፉ ጀርባ መጣ።

"ማነው ያ?" አሉ የኔታ።

"አትሮንሱ ነው፣ አባባ። አሳየሽ ናት።"

"ቀጥዪ እስቲ።"

ቀጠለች። ተክለጻድቅ ሊፈትናት መጽሐፉን አቅንቶ ሰጣት፤ ድርግም አለባት፣ አንዲት ፊደል እንኳ አልለይ አላት። መልሶ ሲዘቀዝቀው እንደ ወንዝ ወረደችው። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከፈዘዘ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ዘርግተው በቃላቸው ነው የሚሉት። ያን ሰው ቢያውቅ ቦታውም መሬቱም ለሌላ ይሄዳል።

"ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔ አንቺ ነሽ" አሏት። "ይሄ ነገር ከሦስታችን እንዳይወጣ። የእኔን ዓይን ካወቁ እኔን ይጥሉኛል፤ የአንቺን ንባብ ካወቁ ግን አንቺን አይምሩሽም።"

ለምን እንደማይምሯት ለመረዳት ብዙ አልቆየችም። ጎረቤታቸው ባላምባራስ ማሞ አንድ ቀን ድንገት ሲገቡ መጽሐፉ እጇ ላይ ነበር።

"የኔታ፣ ገባር ማንበብ ከጀመረ ማን ሊያርስልን ነው?"

"ኧረ መያዣ ናት እንጂ። እዩት፣ ገልብጣ እኮ ነው የያዘችው" አሉ የኔታ። ማሞ አይተው ሳቁ።

የብራናው ግእዝ ለአሳየሽ እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር፤ ያምራል፣ ምን እንደሚል ግን አይገባትም። ንባብ የያዛት፣ እውነት ለመናገር፣ በጨው መጠቅለያ ነው። ከገበያ ስትመለስ ጨው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ዳማ በቅሎ ጠፍታብኛለችና ያገኘ ሰው ይመልስልኝ ይላል። በአማርኛ። ገባት። መንገድ ዳር ቁጭ አለች፤ ጨዉ ተደፋ፣ አላየችውም። የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው አገር፣ ስለ በቅሎው አዝኖ ለእሷ ነገራት። በተደፋው ጨው ሰበብ ተገረፈች፤ እየተገረፈች የምታስበው ግን "በቅሎዋ ተገኝታ ይሆን?" የሚለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በእጇ እሳት ገብቶ አያውቅም። የሳሙና ልባስ፣ የክብሪት ቤት፣ የተቀደደ ማመልከቻ፣ ሁሉንም በመኝታዋ በኩል የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች።

ጦርነቱ መጣ። ተክለጻድቅ በ1928 ዘመተ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ ዓመት ጣልያን ሶዶ ገባ። በ1930 ፈጠነች የምትባል የቤሌ ቅቤ ነጋዴ፣ ቅቤ በጠቀለለችበት የእንሰት ቅጠል መሃል የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። አሳየሽ ገልብጣ አነበበችው። ተክለጻድቅ በሕይወት አለ፤ በቤሌ ወገን ጫካ ገብቷል፣ እግሩን ቆስሏል። መጨረሻው ላይ "አትሮንሴ ደህና ናት?" ይላል።

የኔታ እያለቀሱ ሰሙ። እንባቸውን ጠርገው፣ "በይ አሁን አቃጥዪው" አሏት።

ምድጃው ዘንድ ሄደች፤ ወረቀቱን ወደ ፍሙ አስጠጋችው። በዕድሜዋ ስለ እሷ የተጻፈ ቃል ይህ ብቻ ነው። መለሰችና የመጽሐፉ ማኅደር ውስጥ፣ ከቆዳው ስር ሸጎጠችው።

"አቃጠልሽው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ወታደሮች ጠመንጃ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞሩ እነሱም ቤት ገቡ። ጠመንጃ የለም። አንዱ ማኅደሩን አራገፈው፤ ወረቀቱ መሬት ላይ ወደቀ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ አንስቶ አነበበና ለአለቃው ነገረው።

"ይሄን ለማን ነው የጻፈው? በዚህ ቤት ማን ነው የሚያነበው?" አለ አስተርጓሚው። መጽሐፉን ወደ አሳየሽ ወረወረላት። "አንቺ ታነቢያለሽ?"

እጇ አመሉን አልተወም፤ ተቀብላ ዘቀዘቀችው። አስተርጓሚው ከትከት ብሎ ሳቀ። "ተይው፣ ላዩንና ታቹን እንኳ አትለዪም።"

"ከእኔ በቀር በዚህ ቤት ፊደል የሚያውቅ የለም" አሉ የኔታ።

አሳየሽ አፏን ከፈተች። የኔታ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ የት እንደቆመች በትንፋሿ ያውቃሉ። "ልጄ፣ ውሃ አምጪልኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ወደ ጓዳ ሄደች። እንስራው ላይ ጎንበስ ብላ ልናገር አለች፣ አልተናገረችም። ቅሉን ሞልታ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ውጭ፣ የኔታን ሁለት ወታደሮች በክንዳቸው ይዘው ይወስዷቸዋል፤ እሳቸው የማያዩትን ድንጋይ ይረግጣሉ።

በአራተኛው ቀን መርዶ መጣ። ሬሳ አልተሰጠም። ልብሳቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ሊያለቅሱ ጥቂት ጎረቤቶች መጡ። ለሞተ ሰው ጸሎት ይደገምለታል፤ ደጋሚ ግን ጠፋ። ካህናቱ የሽፍታ አባት ቤት መምጣት ፈሩ።

"ያለ ጸሎት ሊሸኙ ነው?" አለች አዛለች የምትባል ለቀስተኛ። ባላምባራስ ማሞም ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

አሳየሽ ገብታ መጽሐፉን አመጣች። ካነበበች የዚያ ደብዳቤ አንባቢ ማን እንደነበረ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ አንድ ሰው ቢናገር ተመልሰው ይመጣሉ። ይህን አላጣችውም። አልጋው ፊት ተንበረከከች፣ መጽሐፉን ዘቀዘቀች፣ ማንበብ ጀመረች።

"ገልብጣ ይዛዋለች እኮ" አለ አንዱ።

"ዝም በል" አለች አዛለች። "ቃሉ ልክ ነው።"

ማሞ ቀና ብለው አዩዋት፣ መልሰው ወደ መሬት አዩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ደገመች። ድምፅዋ ሲያልቅ በሹክሹክታ ቀጠለች። ለእሳቸው አነበበች፤ ያኔ ባላቃጠለችው ወረቀት ምክንያት ለሞቱት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ይመጡብኛል ብላ ጠበቀች። አልመጡም። የመጡት ባላምባራስ ማሞ ናቸው፤ ከኩታቸው ስር የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ልጄም ከተክለጻድቅ ጋር ነው ያለው" አሉ፣ ሳያዩዋት። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በይ እስቲ አንብቢልኝ።"

ተቀብላ ገለበጠችው። ልጃቸው ሞቷል፤ ተክለጻድቅ ነው የቀበረው። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ማሞ እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሱበትም።

"ምነው፣ ልጄ? አንዴ እንኳ ብትደግሚልኝ ምን ነበር?"

"እደግምልዎታለሁ" አለች። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ሲቃጠል ዓይኗን ጨፍና፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በቃሏ ደገመችላቸው።