የለሊሴ አበቦችና የጎረቤት ድመቶች

ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ድመት አዲስ የተከልኩትን ጽጌረዳ ቆፍራ ሥሩን ገልብጣ ጣለችው። ባለቤቴ ተናዶ ድንጋይ አነሳ። «ተው!» አልኩት፤ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ድመቷ በአጥሩ ዘላ ሄደች። እኔ ግን እጄን ጭቃ እንደነካው ቆሜ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ነቀምቴ ገብቶ ነበር።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጎጃም ሄጄ በግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የተቀጠርኩ። ግንቦት ላይ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ክፍሉ የአንድ ልጃቸው የለሊሴ ነበር። ለሊሴ እኔ ከመግባቴ ከጥቂት ቀናት በፊት ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄዳለች። ከመሄዷ በፊት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በበረንዳው ሥር መደብ ቆፍራ አበባ ተክላለች።

አንድ ጊዜ ደውላ ነበር። «አበባዎቼ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀች። እናቷም «ደህና ናቸው» አሉ፤ ያን ጊዜ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ።

ክረምቱ ሲገባ የኦቦ ገመዳ ድመቶች መጡ። ኦቦ ገመዳ ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ አራት ድመት ነበራቸው። አራቱም ያንን ለስላሳ መደብ መጸዳጃ አደረጉት። ጠዋት ስንነሣ ችግኙ ተነቅሎ እናገኘዋለን፤ አዴ ጫልቱ ተንበርክከው መልሰው ይተክሉታል።

«አንቺ የግብርና ሰው አይደለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን። «ዘዴ ፈልጊልኝ እንጂ፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ግብርና የማውቀው ደብዳቤ በመተየብ ብቻ ነበር። ይህንን ለመናገር አፍሬ «እሺ» አልኩ።

ባለሱቁ የአይጥ መርዝ ሊሸጥልን ፈለገ። አዴ ጫልቱ እጁን ገፉት። በመንገድ ላይ፣ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየያዘ፣ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ናት። እኔ እዚህ ግቢዬ ገባ ብዬ ፍጥረት ብመርዝ፣ እዚያ ለእሷ ማን ያዝንላታል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የአበባ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ገባኝ እንጂ ምን አባቴ ላድርግ?

የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ በተንኩ፤ ዝናቡ በአንድ ሌሊት አጥቦ ወሰደው። እሾህ አንጥፌ ነበር፣ መዳፋቸውን ይወጋል ብለው አዴ ጫልቱ ራሳቸው አነሱት። ከቡና መፈልፈያ አንድ ማዳበሪያ የቡና ገለባ ለምኜ አለበስኩት። ድመቶቹ ገለባውን ከአፈሩ ይበልጥ ወደዱት፤ አንደኛዋማ ተጠቅልላ ተኛችበት።

ኦቦ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ። የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ነበር፤ ግማሹን ሰብረው ሰጡኝ።

«ምን ላድርጋቸው? እንደ በሬ አላስራቸው» አሉ። «የኔ ግቢ ሲሚንቶ ነው፤ የሚቆፍሩት የላቸውም።»

እሸቱን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ከቤት ግንባታ የተረፈ አሸዋ ነበራቸው። ዝናብ እንዳይነካው ከጣራው ክፈፍ ሥር አዛወርነውና ድመቶቻቸው እዚያ ላይ መቆፈር ያዙ። በእኛ በኩል ደግሞ ከወንዝ ዳር ድቡልቡል ጠጠር ለቅሜ በአበቦቹ መካከል መዳፍ እንዳያስገባ አድርጌ ደረደርኩ። ነሐሴ ሲያልቅ ድመቶቹ መምጣት ተዉ። በመስከረም ቢጫውም ቀዩም ፈነዳ።

የመስከረም መጨረሻ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ ስንበላ ስልኩ ጮኸ። አዴ ጫልቱ ሣህኑን ጥለው ሮጡ።

«ለሊሴ! አበባሽ አበበ! ሁሉም አበበ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ይህንን ያህል እኔም እሰማ ነበር። ከዚያ መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ብዙ ቆዩ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹አዮ፣ እናቴ› ብላ ጠራችኝ። አለቀሰች። ከዚያ ተቆረጠ።» ዞር ብለው አዩኝ። «አሁን ምን ላድርግ?»

በማግስቱ ወደ ላካት ደላላ ሄድን። «ደህና ናት፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያለቅሳሉ» ብሎ ሸኘን። ደጋግመን ሄድን፤ ደጋግሞ ያንኑ ነገረን። አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት አበቦቹ አጠገብ በርጩማ አውጥተው መቀመጥ ለመዱ። ውኃ እንኳ አያጠጡም፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ለሊሴ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ከስታለች፤ እጇ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። እናቷ ወጥ ቤት ሲንደፋደፉ እኔ ደስ ይላታል ብዬ እጇን ይዤ ወደ መደቡ ወሰድኳት።

«ይኸው፣ የተከልሻቸው።»

ብዙ አየቻቸው። «እኔ ነኝ እንዴ የተከልኩት?» አለች ቀስ ብላ። መትከሏን ረስታዋለች። አንድ ጊዜ በስልክ ስለጠየቀች፣ ቤይሩት ሆና የምታስበው እነሱን ይመስለን ነበር።

አዴ ጫልቱ ዛሬም በሕይወት አሉ። በበዓል እደውላለሁ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ለሊሴ ልጆች ያወሩኝና በመጨረሻ «ልጄ የተከለቻቸው ዘንድሮም አማሩ» ይሉኛል። ያን ቀን ከለሊሴ የሰማሁትን ነግሬያቸው አላውቅም። «እሰይ» እላለሁ። ጠጠር ስለቅም፣ አሸዋ ስዝቅ የከረምኩት ለእኚያ እናት አንድ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። በዚያ ክረምት ሁለታችን ልናስቆም የቻልነው ድመት ብቻ ነው።