እመጫቷ ውሻና የሠርጉ ጥይት

ሙሽራው ሲገባ ጥይት ሲተኮስ ውሻችሁ ገመዷን በጥሳ ጠፍታባችሁ ታውቃለች? ሰው ሁሉ እልል ሲል እናንተ ብቻ ከአጥር ውጭ ቆማችሁ ስትጣሯት ውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ያየሁት በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ባለችው ወረታ ለማስተማር በተመደብኩ ጊዜ ነው።

ያረፍኩት ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እማማ ቤት ነበር። ከጥቂት ላሞቻቸውና ከጥጆቻቸው ሌላ አንዲት ቡላ ውሻ ነበረቻቸው። ጅብ ከሜዳው ሲመጣ ጥጆቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጅብ የማትፈራው ይህች ውሻ ግን የጥይት ድምፅ አይሆንላትም። በመጣሁበት ዓመት በአንድ የጎረቤት ሠርግ ከጋራው የግቢ በር ታስራ ሳለች ተተኮሰና ገመዱን በጥሳ ጠፋች። ከቀናት በኋላ ከርብ ወንዝ ዳር፣ ከሣሩ ውስጥ፣ ጆሮዋ ተቀዶ ተገኘች።

ውሻን በሠርግ ቀን ከበር ማሰር ልማድ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ፦ እንግዳ እንዳትነክስ ነው። ተኳሾቹም የሚቆሙት እዚያው በር ላይ ነው። ስለዚህ የምትደነግጠውን ውሻ ወስደን ከጠመንጃው አፍ ሥር እናስራት ነበር ማለት ነው።

በሚቀጥለው ጥር የጎረቤታችን ልጅ ልትዳር ሆነ። ውሻችን ደግሞ ዓይናቸውን ያልገለጡ ቡችሎች ነበሯት። እሷ ጠፍታ ብታድር ቡችሎቹ በረሃብና በብርድ ያልቃሉ። ቀደም ብዬ ወደ ሙሽራዋ አባት ሄድኩና ተኩሱ ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ቢሆን ብዬ ለመንኳቸው።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ጥይት ያልተተኮሰለት ሙሽራ ይፋግ ገበያ የሚወርድ መንገደኛ ነው። ሰዎቹ ከሐሙሲት ድረስ ጠመንጃ ተሸክመው መጥተው ለውሻ ሲሉ ዝም ይበሉ?»

«ቡችሎች አሏት እኮ፣ አባባ።»

«እኔም ልጅ አለችኝ፤ የምድረው እሷን ነው።»

ጥይቱን መከልከል ካልተቻለ ውሻዋን ማረጋጋት ነበረብኝ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጮህ ውሻዋ መግቢያ ታጣ ነበር። በዚያው ነጎድጓድ እማማ እህል ሲፈጩ ግን ከወፍጮው ጀርባ ባለው የጥጆች ጋጣ ተጋድማ ታንቀላፋለች። በወፍጮውና በጋጣው መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። የለመደችው ድምፅ ሳይቋረጥ ሲሰማት ድንገተኛው ድምፅ በውስጡ ይሰጥማል ብዬ አሰብኩ። ለእማማ ነገርኳቸው።

«ውሻ ቤት ላስገባ? ለመልሱ ድግስ ዱቄት የምፈጨው እዚያ አይደለም እንዴ?»

«ጋጣው ውስጥ ነው እንጂ እማማ። ግድግዳ አለ።»

«ግድግዳውን የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ መኖሩንማ አውቃለሁ» ብለው ሳቁ።

ሠርጉ ከመድረሱ በፊት ቡችሎቹን ከእናታቸው ጋር ወደ ጋጣው አዛወርናቸው። ገለባ ጎዘጎዝንላቸው፤ እማማ በፈጩ ቁጥር እኔ ለውሻዋ ፍርፋሪ አቀርብላት ነበር። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሜዳው ላይ አንሸራሸርኳት፣ በደንብ አበላኋትና ሳላስራት የጋጣውን በር ዘጋሁ። ዘፈኑ ከመንገዱ ሲሰማ እማማ መፍጨት ጀመሩ።

ያላሰብነው ነገር ያኔ መጣ። የሙሽራዋ እናት ከውጭ ተጣሩ።

«ነይ እንጂ እቴ! ሙሽራው ደርሶ አንቺ ወፍጮ ላይ ነሽ? ዘፈኑን ማን ያውጣልን?»

እማማ አዩኝ። መጁን፣ ማለት የሚፈጩበትን ድንጋይ፣ አስቀመጡና «ዘዴው ያንተ ነው፤ በል ያዘው» ብለውኝ ወጡ።

በፎገራ ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ አይጎነበስም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ መጁን ያዝኩ። ጥቂት እንደፈጨሁ ተኩሱ ጀመረ። በግድግዳው ስንጥቅ አየኋት፤ ጆሮዋን አቁማ ተነሣች፣ እስከ በሩ ሄደች። አልጠራኋትም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ፍርሃት ይጨምርባታል። እጄንም አላቆምኩም። ደግመው ተኮሱ። ውሻዋ ቆማ አዳመጠች፣ ተመለሰች፣ ገለባው ላይ ዞር ዞር ብላ ተኛች። ቡችሎቹም እየተንፏቀቁ ጡቷን ያዙ።

በዚህ መካከል የሙሽራዋ አባት ጠላ ይዘውልኝ ገቡ።

«መምህር፣ መንግሥት አባረረህ ወይስ ባል ልንፈልግልህ ነው?»

«ቀስ ይበሉ አባባ፣ ትሰማለች።»

ወደ ስንጥቁ ጠጋ ብለው ተመለከቱ። «ተኝታለች እኮ» አሉ በሹክሹክታ፤ ጠላውንም ድምፅ እንዳያሰማ አድርገው አስቀመጡልኝ።

ማታ እማማ የፈጨሁትን በመዳፋቸው ዘገኑት። «ዱቄት ብዬህ ክክ አወጣህልኝ» አሉ። በሌላው ክንዳቸው ግን አንድ ቡችላ ታቅፈው ነበር።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። ውሻችሁን ከበር አታስሩ፤ ቀደም ብላችሁ የምትወደውን የተከለለ ቦታ አስለምዷት፣ እዚያው አብሏት፣ በሩን ዝጉላት፣ የለመደችው ሥራና ድምፅ ከአጠገቧ አይቋረጥ። የምትፈጩት ለድግስ ከሆነ ግን ወፍጮውን ለባለሙያ ተዉት።