የሙሉጌታ ማማሰያ

ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

እውነቱን ለመናገር፣ የወጣሁት የሙሉጌታን ሥራ እንከን ፍለጋ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ገጠሩን በእበት ጋዝ እናበራለን በተባለበት ሰሞን፣ መሥሪያ ቤታችን ሁለት የሙከራ ጉድጓዶች አስቆፈረ። አንዱን እኔ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ሌላውን ቆላ ወርዶ አሊዩ አምባ ከተማ የሥራ ባልደረባዬ ሙሉጌታ ሠራን። እበቱ ተብላልቶ ጋዝ እንዲሰጥ በየጊዜው መማሰል አለበት። የእኔ ማማሰያ ሦስት ወር የነደፍኩት ባለ አራት ክንፍ ብረት ነው፤ የእሱ ሁለት ሳንቃ የተመታበት የወይራ ግንድ። ያም ሆኖ የእሱ ጋዝ ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ የእኔ ለአንድ ፋኖስ አይበቃም።

ከሁለቱ አንዱ ተመርጦ በአውራጃው ሁሉ ሊሠራ ነው። የልዩነቱን ምክንያት አይቶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ሲፈለግ፣ እኔ እንድላክ የጠቆመው ራሱ ሙሉጌታ ነበር። ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

አምስት ሰዓት፣ አንኮበር

የገብስ ጆንያ በጫነ መኪና ደረስኩ። ጉሙ ሰውን ከሰው አያሳይም። በሰባ አምስት ሳንቲም ሽሮ በላሁና በቅሎ ተከራይቼ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። የማሽላው ማሳ ጋ ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅኩ። ሙቀቱ ሲነካኝ ደስ አለኝ። ለካ ቆላው ነው እንጂ የሙሉጌታ ብልሃት አይደለም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ አሊዩ አምባ

ጉድጓዱ መስጊዱ አጠገብ፣ ሰው ለሶላት የሚታጠብበት ውሃ ዳር ነው። የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ አባባ ኡመር፣ ክዳኑን ከፈቱልኝ። እበቱ እንደ አጥሚት ልስልስ ብሏል። በቀን ስንቴ እንደሚያዞሩት ጠየቅኳቸው።

«አምስት ጊዜ ነዋ ልጄ። ለውዱእ የመጣ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ አሥር አሥር ዙር ያዞራል። ሙሉጌታ ነው ያስለመደን። የሶላት ወቅት አይረሳም ብሎ።»

ቀናሁበት። እኔ ብረት ስነድፍ፣ እሱ ሰዎቹ መቼ ውሃ ዘንድ እንደሚመጡ ያይ ነበር። የእኔን መዘውር በቀን አንዴ ያዞሩታል፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ግን የሚነካው የለም። እበቱ ላዩ ደርቆ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይጋገርና ጋዙን ከሥር ያፍነዋል። እስከዚያ ቀን ጥፋቱ የብረቱ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ደብረ ብርሃን

ሪፖርቱን ቤቴ እንደገባሁ ጻፍኩት። «ልዩነቱ የመጣው ከቆላው ሙቀት ነው» አልኩ። ሐሰት አይደለም፣ ሙቀትም ይረዳል። ስለ መማሰሉ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። በዚያ ዘመን ስለ ሶላት መጻፍ አያዋጣም እያልኩ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ቅናቴ ነበር።

ቆይቶ፣ ልዩነቱ የሙቀት ከሆነ ብረቱ ይሻላል ተብሎ የእኔ ተመረጠ። እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ መጀመሪያ የመጣው ሙሉጌታ ነው።

«ሪፖርትህን አነበብኩት» አለኝ። «እኔ እኮ ቶሎ ቶሎ መማሰሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ሙቀቱ ነው።»

አመነኝ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። እጁን ጨበጥኩና አመሰገንኩት።