ያልተቃጠለው ሰንበሌጥ

ከኮሌጅ እንደወጣሁ በልማት ሠራተኝነት ከቡሬ ወጣ ያለች አንዲት ቀበሌ ደረሰችኝ። ደብተሬ ሙሉ፣ አፌም የማያርፍ ነበር። መጀመሪያ ያገድኩት ከመንደሩ በላይ ያለውን የግጦሽ ተዳፋት ማቃጠልን ነው። ገበሬው በየበጋው ያረጀውን ሰንበሌጥ እሳት ይለቅበታል፤ እኔ ደግሞ እሳት አፈር ይገድላል እያልኩ በየስብሰባው ለፈፍኩ። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብለው የሳቁብኝ ነበሩ።

ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ግን ሳይስቁ መጡ። ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅተው ያሳርሳሉ።

"ስሚኝ ልጄ፣ አሮጌው ሣር ካልተነሣ ከብት አዲሱን አያገኘውም። በሬዬ ለሰኔ ካልጠና ማን ያቀናጀኛል? ጥቂት እንኳ ላቃጥል።"

"አይቻልም፣ እማማ" አልኳቸው። እንዴት እንደኮራሁ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። እሳቸው "እሺ" ብለው ሄዱ።

የሚያዝያ ካፊያ ሲጥል ከሥር ለምለም ወጣ። በሬው አፉን ሲሰድ ግን ደረቁ አገዳ ዓይኑን እየወጋ ይመልሰዋል። ጭድ የተረፋቸው ለከብታቸው ጭድ ሰጡ፤ የሴትየዋ ጭድ በፋሲካ አልቋል። ማጭድ ይዘው አሮጌውን እያጨዱ ለበሬያቸው መንገድ ሲከፍቱለት አየኋቸው። እኔም አብሬያቸው አጨድኩ፤ አልበቃም።

በሰኔ በሬው ቀንበር ሥር ተንበረከከ። አቀናጃቸውም ይቅርታ ጠይቀው ሌላ በሬ ፈለጉ። ሴትየዋ በሬያቸውን ቡሬ ገበያ አውጥተው ሸጡ፤ መሬታቸውንም ምርቱን ሊካፈሉ ለእኩል አራሽ ሰጡ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር።

የማዶው መንደር አቃጥሎ ስለነበር ሣሩ ቀድሞ ለምልሞ ነበር። ግን ጣት ሳያህል ከብቱ ሁሉ ገባበትና በክረምቱ ቀይ አፈር ሆኖ ቀረ። ሴትየዋ ወደዚያ እያመለከቱ "አየሽ፣ ሣሩን የፈጀው እሳቱ አይደለም፤ ሳይጠና የገባበት አፍ ነው" አሉኝ። ይህ ደብተሬ ውስጥ አልነበረም።

በዓመቱ ተዳፋቱን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ልናቃጥል፣ ሣሩ ጉልበት እስኪደርስም ከብት ላናስገባ ተስማማን። እሳቱ እንዳይሻገር ዳሩን መንጥረን፣ ነፋሱ ሲበርድ ክብሪቱን ለሴትየዋ አቀበልኳቸው። ለኮሱት። አረንጓዴው ሲወጣ መንደሩ እሳቸውን ጠባቂ አደረገ፤ በየጠዋቱ ዱላቸውን ይዘው ዳሩ ላይ ይቀመጣሉ።

"እማማ፣ እርስዎ ከብት የለዎትም፤ ምን አደከመዎት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ለዚህ እኮ ነው የመረጡኝ" አሉ ሣሩን እያዩ። "የሚያስቸኩለኝ በሬ የለኝም።"