ፒጃማ የለበሱት ሹም

በዘጠናዎቹ በእንግሊዞች አገር፣ ኬኒንግተን በሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል። አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁመዋል። በዚያ ሰሞን "ካውንስሉን በፒጃማ እናስተዳድራለን" እያለ ሲያላግጥ የነበረው የእንቅልፍ ፓርቲ የካውንስሉን፣ ማለትም የሰፈራችንን ምክር ቤት፣ ምርጫ አሸነፈ።

አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አዲሱ ተመራጭ በፒጃማና በመኝታ ቆብ ቆመዋል።

"አባባ፣ ካውንስለሩ ናቸው፤ ግን..." አልኩ። ለቀልድ የለበሱት መሆኑን መናገር አፈርኩ።

"ዝም በይ! እዚህ አገር ዳኛው እንኳ ዊግ ያደርጋል። ይሄ የሹመት ልብሳቸው ነው።" አያቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። "ጌታዬ፣ ሊፍቱን ያሠሩልኝ። ቅዳሴ ናፈቀኝ።"

ተረጎምኩላቸው። ሰውየው ፈገግታቸው ጠፋ። ቆባቸውን አውልቀው እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እንዲያ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት በተሠራው ሊፍት ወረድን። ታች ሰውየው ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ይጠብቁናል። አያቴ ደንግጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ምነው ልጄ፣ በእኛ ምክንያት ሻሯቸው እንዴ?"