ግንቡ በየት በኩል ያልፋል?

በጋና፣ ከኬፕ ኮስት ከተማ ወዲህ ባለችው መንደራችን፣ ማሜ ኤኩዋና እኔ በባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ዓሣ በጭስ ስናደርቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። የሽቦ ትሪዎቿን በምድጃው ላይ አራት አራት አድርጋ ትደራርብና፣ በየመሃሉ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ታዛውራለች። «ሁሉም እሳቱን ይቅመስ» ትላለች።

ፓርቲያችን ለምክር ቤት የሚያቀርበውን ሰው ከሁለት ዕጩዎች ሊመርጥ ሲል፣ ከመንደራችን ድምፅ የምንሰጠው ዘጠኝ ነበርን። እሷም እኔም አለንበት። እኔ እስከዚያ ድረስ የምመርጠው ምረጪ የተባልኩትን ነበር። ባሕሩ በየክረምቱ ዳርቻውን ይበላል፤ ሁለቱም ዕጩዎች ግንብ እንሠራለን ይላሉ።

መጀመሪያ ወይዘሮ አሙአ መጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዓሣ ማጥመድ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ጀልባ አልወጣም፣ ሰው ሁሉ አለ። ግንባቸው በአንድ ዓመት እንደሚያልቅ ነገሩን፤ አጨበጨብን።

«የእርስዎን ሰማን» አለች ማሜ ኤኩዋ። «አሁን ደግሞ የተፎካካሪዎን የአቶ ቤንትሲልን ዕቅድ ይንገሩን።»

«የሱንማ እሱን ጠይቁት» ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ አቶ ቤንትሲል ሲመጡ ያንኑ ጠየቀቻቸው።

«የእሳቸው ይፈጥናል። የእኔ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ግን የእሳቸው ከምድጃችሁ ኋላ፣ በመንገዱ በኩል ነው የሚያልፈው። የእኔ ከፊት ነው።»

የያዝኩት ትሪ ከበደኝ። ግንቡ ከኋላችን ካለፈ ምድጃዎቻችን ለባሕሩ ቀሩ ማለት ነው።

«ሦስት ዓመት? እስከዚያ አንቺም ከዓሣሽ ጋር ትደርቂያለሽ» አላት ማሜ ኤኩዋን የጀልባው አለቃ ኮቢና።

«አንተ መረብህን ስፋ» አለችው።

በአቶ ቤንትሲል ቃል ብቻ ግን አልረካችም። በማግስቱ እኔን አስከትላ ወይዘሮ አሙአ ቤት ሄደች። ወይዘሮዋም አልዋሹም። «አዎ፣ በመንገዱ በኩል ነው። ለእናንተ ኮረብታው ላይ ቦታ ይሰጣችኋል» አሉን።

ስንመለስ ማሜ ኤኩዋ፣ «ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ለሆነ ሰው የእሳቸው ይሻላል፤ ቶሎ ያልቃል። ላንቺ የሚሻልሽን ደግሞ አሁን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ማንን ምረጪ አላለችኝም። እንዲህ ብሎ ለራሴ የተወልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

አቶ ቤንትሲል በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ አለፉ፤ በኋላም ምክር ቤት ገቡ። ግንቡ አራት ዓመት ፈጀ። በሁለተኛው ክረምት ባሕሩ አንዱን ምድጃዬን ወሰደው፤ ማሜ ኤኩዋ የራሷን ግማሽ ለቀቀችልኝ። የቀሩት ዛሬም ከግንቡ ጀርባ ይጨሳሉ።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ፣ ያኔ ምርጫውን ለራሴ ስለተወችልኝ አመሰገንኳት።

«አራባ፣ ትሪሽን አዙሪ፣ የታችኛው እየጠቆረ ነው» አለችኝ።

አዞርኩት።