ሐምሌን ታኅሣሥ ያለው ኮምፒዩተር

በ1980 ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወሬ ተነሣ። የበግ ክትባት ጣቢያው ኮምፒዩተር ቀኑን በራሱ ያውቃል አሉ። ጠዋት ሲከፈት፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ የዓመቱን ቀን ሁሉ እንደ አንበጣ ዘሎ የዛሬው መስመር ላይ ቁጢጥ ይላል። ወሬው ደብረ ሲና ሲደርስ ኮምፒዩተሩ የነገውንም ማወቅ ጀመረ፤ ለሚ ሲደርስ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ይጾም ነበር። ከፊቱ ተቀምጣ ስለምትውለው ስለ አልታየችም ሳይወራ አልቀረም፤ ሥራዋ አቧራውን መጥረግና ማዛጋት ብቻ ነው ተባለ።

መቼም ወሬ ነው። ግን ኮምፒዩተሩ ይህን ያህል ዐዋቂ ከሆነ፣ ማታ ጠፍቶ ጠዋት በበራ ቁጥር ገና ዐይኑን ሳይገልጥ በእንግሊዝኛ የሚጠይቃት ያቺ ጥያቄ ምንድን ናት? ዐዋቂ ሰው ጠዋት ጠዋት ይጠይቃል እንዴ?

ጥያቄዋን የምታውቃት አልታየች ብቻ ነበረች። አልታየች የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጅ ናት። መሪጌታ ዐይናቸው ከጠፋ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ሚስታቸውም ሞተዋል። ማለዳ በትራቸውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው፣ ማታ ጉርሻ የምታጎርሳቸው እሷው ናት። ጣቢያው ውስጥ ታይፒስት ነበረች። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ከነኮምፒዩተሩ መጥቶ ሁለት ወር አስተማራትና ሄደ። ከመሄዱ በፊት የክትባቱን ፕሮግራም፣ በየቀኑ የሚከተበውን አገር ጭምር፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በሰንጠረዥ አስገባ፤ ከሥሩም ማክሮ የሚሉትን ነገር ጻፈ። ማክሮ ማለት አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው፤ ሰንጠረዡ ሲከፈት የፈረንጁን ወርና ቀን አይቶ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ፣ ወደ ዛሬው መስመር ይዘላል። ዓመተ ምሕረት አይገደውም።

ችግሩ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል። ሲበራ «ዛሬ ስንት ነው?» ይላል። መልስ ካጣ፣ የተሠራ ጊዜ የተሰጠችውን የፈረንጆች ጃንዋሪ አንድን ይይዛል። ያቺ ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 22 ናት።

ስለዚህ አልታየች ማለዳ አባቷን ትጠይቃለች።

«አባባ፣ ዛሬ ማን ነው?»

«ሥላሴ ናቸዋ! ሐምሌ ሰባት።»

ሰባት ላይ ሰባት ትጨምራለች፤ በፈረንጆቹ ጁላይ ዐሥራ አራት። ቢሮ ገብታ ትጽፈዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ይዘላል፤ መርፌ ወጊዎቹ የተጻፈውን አገር አይተው መኪናቸውን ያስነሣሉ። የጣቢያው ሳይንሳዊ ዕቅድ በአንድ ዐይነ ስውር መሪጌታ እየተመራ መሆኑን ኃላፊው ጓድ ብርሃነ መስቀል ቢሰሙ፣ ደረታቸው ላይ ያለው ዓርማ ራሱ በድንጋጤ ተነቅሎ ይወድቅ ነበር።

አልሰሙም። እንዲያውም «ያለ ሰው እጅ የሚሠራ» ብለው ወደ በላይ አካል ሪፖርት ጻፉ። በላይ አካሉም ደስ ብሎት መለሰ፤ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ ከሆነ ልጅቷ ምን ታደርግለታለች? ሰላ ድንጋይ ታይፒስት ስለሌለ በሳምንት ውስጥ ትሂድ።

አልታየች ደብዳቤውን ይዛ ገባች።

«ጓድ፣ አባቴ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።»

«ሰላ ድንጋይም ከአንቺ ሌላ ታይፒስት የላትም።»

«ኮምፒዩተሩስ?»

«እሱን ተዪው። አውቶማቲክ ነው።»

«አውቶማቲክ እኮ አይደለም ጓድ፤ ጠዋት ጠዋት እኔ...»

«ጓድ አልታየች! ሪፖርት ተደርጓል።»

ሪፖርት ተደርጓል ከተባለ በኋላ አፍ የሚከፍት የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒዩተሩን እንዳትነካ ታዘዘች። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጣት። ዝም ካልኩ ምናልባት ይራሩልኝ ይሆናል ብላ ዝም አለች።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ብርሃነ መስቀል ራሳቸው ኮምፒዩተሩን ከፈቱት። ያቺን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። እንደምን አደሩ ያላቸው መስሏቸው ትልቁን ቁልፍ ጫን አሉት። ዘለለ። ታኅሣሥ 22፣ አልዩ አምባ። መርፌ ወጊዎቹ ወረዱ። ማክሰኞም ጫን አሉት፤ አልዩ አምባ። ረቡዕም አልዩ አምባ። አልታየች በበሩ ስንጥቅ እያየች ቀኑን በጣቶቿ ቆጠረች።

ሐሙስ የአልዩ አምባው የበግ ነጋዴ ዓብዱ እንደራሰ ቢሮው ውስጥ ገባ።

«ጓድ፣ በአላህ ይሁንባችሁ! በጎቼን ሦስት ቀን ሙሉ ወጋችኋቸው። አሁንማ የመኪናችሁን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸው ይሰለፋሉ። ትናንት ቢዘገይባቸው አንዱ ሙክት መኪና መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቀው!»

«ዕቅድ ነው» አሉ ጓድ ብርሃነ መስቀል። «ኮምፒዩተሩ ዛሬ ታኅሣሥ 22 ነው ብሏል። አይሳሳትም።»

ዓብዱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። በረዶው ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል።

«ታኅሣሥ ከሆነ ታዲያ ይሄ በረዶ የማን ነው?»

ጓድ ብርሃነ መስቀል ላባቸውን ጠረጉ። ወደ ኮሪደሩም ተጣሩ።

«አልታየች፣ ነይ እስቲ። ለኮምፒዩተሩ ቀኑን ንገሪው።»

«ዛሬን ብነግረው ነገስ?»

«የነገንም ንገሪው። እንዲያውም የዓመቱን በሙሉ ዛሬ ንገሪውና ነገ ሂጂ።»

«የዓመት በአንዴ አይሰማም ጓድ። እዚሁ ልቅርና በየጠዋቱ ልንገረው።»

«ዝውውርሽ ጸድቋል። በላይ አካል ያጸደቀውን እኔ ምን ላድርገው?»

አልታየች የአባቷን በትር አሰበች። ነገ ማን ይይዛታል? እስካሁን ዝም ያለችው ለዚህች በትር ነበር። ዝምታውም አላዋጣም።

ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አበራችና፣ ሲጠይቃት ጎንበስ ብላ ጻፈች። ዛሬ አቡነ አረጋዊ፣ ዐሥራ አራት፤ ሰባት ሲጨመር ሃያ አንድ። ኮምፒዩተሩ ዘለለና ሐምሌ 14 ላይ ቆመ። ደብረ ሲና።

«ይኸው!» አሉ ጓድ ብርሃነ መስቀል በደስታ። «አየህ ዓብዱ? ዐወቀ!»

ዓብዱ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ልጄ፣ እኛ ቆላ ድረስ ይወራል። ቀኑን በራሱ ያውቃል፣ የነገን ይናገራል፣ ይጾማል፣ አንቺ አቧራ ጠራጊው ነሽ ይላሉ። እውነት ነው?»

ጓድ ብርሃነ መስቀል ከዓብዱ ኋላ ሆነው እንዳትናገር ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። አልታየች አየቻቸው።

«ውሸት ነው ጋሽ ዓብዱ» አለች። «የነገን አያውቅም፣ የዛሬንም አያውቅም፣ ጾምም አያውቅም። ቀኑን የሚያውቀው አባቴ ነው። እሱ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለዚህ እነግረዋለሁ። አቧራውንም ቢሆን አንድ ቀን ጠርጌለት አላውቅም።»